«ለዋጋ በውስጥ መስመር» እያሉ ጉግል ላይ መገኘት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ። ሁለት ጠላፊዎችና አንድ ሰፊ አብረውኝ ይሠራሉ። ቴሌግራም ላይ ከ14 ሺህ በላይ ተከታይ አለኝ፤ ቲክቶክ ላይም ደህና ነኝ። ጉግል ላይ ግን የሱቄን ስም ጽፌ ስፈልግ እንኳ አልወጣም። የጎረቤቴ ሱቅ ከነፎቶው ይወጣል። አንድ ድርጅት ዌብሳይት ሠርቶ በአንድ ወር ውስጥ ጉግል ላይ አንደኛ እንደሚያደርገኝ ነግሮኝ 90 ሺህ ብር ጠይቋል፤ ግማሹ ቅድሚያ። ፕሮፎርማው ላይ ‹ጉግል ምዝገባ›፣ ‹ሜታ ኪዎርድ› እና ‹500 ባክሊንክ› የሚሉ ነገሮች አሉ። ዋናው ፍላጎቴ ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች እንዲያገኙኝ ነው። ልክፈል ወይስ ልተወው?»

መልስ፦

አሁን አይክፈሉ። ምናልባት በኋላ ለሌላ ሥራ ይከፍሉ ይሆናል። ለዚህኛው ቃል ግን አይሆንም።

ከፕሮፎርማው ልጀምር። «ጉግል ምዝገባ» በነጻ የሚሠራ ነገር ነው። በራስዎ ጂሜይል፣ በስልክዎ፣ ሱቅዎ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጨርሱታል። «ሜታ ኪዎርድ» የሚሉት ከገጹ ጀርባ ለፍለጋ ሞተር ተብሎ የሚደረደር የቃላት ዝርዝር ነው። ጉግል ይህን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዛሬም ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ማየቴ ይገርመኛል። «500 ባክሊንክ» ደግሞ ከሦስቱ የከፋው ነው። ባክሊንክ ማለት ሌላ ድረ ገጽ ወደ እርስዎ ገጽ የሚያደርገው ጥቆማ ነው፤ ይጠቅማል፣ እውነት ነው። በገንዘብ የተገዛ ጥቆማ ግን የጉግልን ደንብ ይጥሳል። እነዚያ 500 ጥቆማዎች ከየት ይመጣሉ ብለው ቢጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ማንም ከማያነባቸው ገጾች ነው።

«አንደኛ» የሚለውስ? ለየትኛው ፍለጋ ነው አንደኛ የሚሆኑት? የሱቅዎን ስም ለጻፈ ሰው አንደኛ መውጣት ከባድ አይደለም፤ ያንን ያለ 90 ሺህ ብር ያገኙታል። «የሀበሻ ቀሚስ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ግን ማንም ቃል ሊገባልዎ አይችልም። ጉግል ራሱ ለነጋዴዎች በጻፈው መመሪያ የአንደኝነት ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው እንደሌለ አስቀምጧል። ካርታው ላይም ከፍሎ ደረጃ ማሻሻል እንደማይቻል ጽፏል። አንዳንድ ሻጮች የሚጫወቱት በዚህ ክፍተት ነው። የሱቅዎን ስም ጽፈው ያሳዩዎትና «ይኸው፣ አንደኛ!» ይላሉ። አልዋሹም፤ ግን ምንም አልሠሩም።

አሁን ወደ ራስዎ ጉዳይ እንምጣ። ደንበኞችዎ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ የሚፈልጉበትም መንገድ ለየቅል ነው። አንዷ አዲስ አበባ ያለችው ናት። ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ እየወጣች ስልኳ ላይ ካርታ ትከፍታለች። ሌላዋ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ናት። የወንድሟ ሠርግ ደርሷል፣ ለአራት ሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ትፈልጋለች።

የጉግል ካርታ ውጤት ሲያወጣ ሦስት ነገር ያመዛዝናል። ሱቁ ከተፈለገው ዕቃ ጋር ምን ያህል ይገናኛል? ከፈላጊው ምን ያህል ይርቃል? ምን ያህልስ ይታወቃል? ርቀት ስላለበት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና «ሀበሻ ቀሚስ» ብላ ለጻፈችው ሴት ካርታው የሚያሳያት እዚያው አካባቢዋ ያለውን ሱቅ ነው። የሽሮ ሜዳ ሱቅዎ ካርታው ላይ የቱንም ያህል ቢያምር እሷ ጋ አይደርስም። እሷ ጋ የሚያደርስዎ በጽሑፍ የተሞላ የራስዎ ገጽ ነው። ድርጅቱ ይህን ልዩነት ካልነገረዎት ጉዳይዎን አልተረዳም ማለት ነው። ዋናው ፍላጎትዎ ውጭ ያሉት ናቸውና!

ቢሆንም ካርታውን ያስቀድሙ። በነጻ ነው፣ ቶሎም ይሠራል፣ የጎረቤትዎም ምስጢር ይኸው ነው። አገልግሎቱ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ይባላል። እስከ 2021 ድረስ ጉግል ማይ ቢዝነስ ነበር የሚባለው፤ የድሮ የዩቲዩብ ትምህርቶች በዚያ ስም ይጠሩታል። ከመክፈትዎ በፊት ሱቅዎ ካርታው ላይ አስቀድሞ ገብቶ እንደሆነ በተለያየ አጻጻፍ ይፈልጉ። አንዳንዴ ደንበኛ በራሱ ጊዜ ይጨምረዋል፣ ስሙንም ያሳስተዋል። ካገኙት ሁለተኛ አይክፈቱ፤ የሱቁ ባለቤት መሆንዎን ገልጸው ይረከቡት። ሁለት ከሆኑ አስተያየቱም ፎቶውም ለሁለት ይከፈላል፣ ደንበኛም ይምታታበታል።

ስም ላይ ታፔላዎ ላይ ያለውን ብቻ ይጻፉ። ከስምዎ ኋላ «ምርጥ የሙሽራ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ አዲስ አበባ» ብሎ መደርደር ደንብ መጣስ ነው፤ ፕሮፋይሉን ሊያሳግድ ይችላል። ይህን የሚያደርጉ ሱቆች ሲወጡ ያዩ ይሆናል። ለጊዜው የቀናቸው አሉ፣ እርስዎ ግን አይሞክሩት። ዋና ምድብዎን የልብስ መሸጫ ያድርጉ፤ ልብስ ስፌቱን ተጨማሪ ምድብ አድርገው ያስገቡት።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለመክፈት 2 ብለው ካስገቡ፣ ካርታው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይከፍታሉ ብሎ ይናገራል። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት 8 ኤኤም ነው፤ ማታ 1 ሰዓት ደግሞ 7 ፒኤም። ይህን ስሕተት ትልልቅ ሱቆችም ላይ አይቻለሁ። ቀን በግርግር ሰዓት «ዝግ ነው» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ደውሎ አያጣራም፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የበዓል ሰዓት ለብቻው የሚሞላበት ቦታም አለ። ደንበኛዎ የሚመጣው በበዓል ዋዜማ ስለሆነ ይህ ለእርስዎ ቀልድ አይደለም።

ፒኑን፣ ማለትም ካርታው ላይ የሱቅዎን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት፣ ስልክዎን ይዘው ሱቅዎ በር ላይ ቆመው ይትከሉት። ሽሮ ሜዳ ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ ትንሽ ከሳተ ደንበኛዎን ለጎረቤት ያስረክቡታል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር እንደ ሌላው አገር ስለማይሠራልን፣ መግለጫው ላይ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ይጻፉ፤ ከየትኛው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የሱቅ ቁጥር ስንት። ሱቅዎ ከተነሣ ደግሞ አዲስ ፕሮፋይል አይክፈቱ፤ የነበረውን አድራሻ ይቀይሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከሌላም ሰፈር የተነሡ ነጋዴዎች አሉ። የካርታ ፒናቸውን ያላነሡት ደንበኛቸውን ዛሬም ወደ ድሮው ቦታ ይልካሉ።

ቀጥሎ ጉግል ሱቁ የእርስዎ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠይቃል። መንገዱን የሚመርጠው እሱ ነው። አሁን አሁን የሚበዛው ቪዲዮ ነው። ሳይቆራረጥ፣ ከ30 ሰከንድ ያላነሰ። መንገዱን፣ ታፔላውን፣ የውስጡን ዕቃ፣ ከዚያ እርስዎ ባለቤት መሆንዎን የሚያሳይ ነገር፤ ለምሳሌ በሩን በቁልፍ ሲከፍቱ። ሰው ፊት ላይ አያተኩሩ። መልሱ እስከ 5 የሥራ ቀን ሊቆይ ይችላል። ታፔላ ከሌለዎት መጀመሪያ ታፔላ ያሠሩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

አስተያየት ደግሞ ይጠይቁ። የኛ ሰው ወዶ ሲሄድ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል እንጂ ጉግል ላይ አይጽፍም። ካልጠየቁት አይጽፍም ማለት ነው። ቀሚሷን ለብሳ ፎቶ የላከችልዎት ደንበኛ ናት ትክክለኛዋ ሰው። የአስተያየት መስጫውን ሊንክ በቴሌግራም ይላኩላትና «ስለ ልብሱና ስለ ጊዜው የተሰማሽን ጻፊልን» ይበሏት። ቅናሽ ወይም ሻሽ በስጦታ ሰጥተው ግን አያጽፉ፤ ክልክል ነው። ዘመድ አዝማድ ሰብስበው በአንድ ምሽት አምስት አምስት ኮከብ ማስደርደርም አይጠቅምም፤ ሊጠፋ ይችላል፣ ቢቆይም ያስታውቃል። መጥፎ አስተያየት ሲመጣ በትሕትና፣ በአጭሩ፣ በአማርኛ የጻፈውን በአማርኛ ይመልሱ። ሦስት ኮከብ ሰጥቶ «ጥልፉ ቆንጆ ነው፣ ግን አራት ቀን ዘገየ» የሚል አስተያየት ከመቶ ባዶ ኮከብ ይበልጣል። ቀጣዩ ገዢ እርስዎ እንዴት እንደመለሱለት ያነባል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልቃል። አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

የእርስዎ ትልቁ ችግር ዌብሳይት ማጣት አይመስለኝም። ችግሩ የምታውቁት ነገር ሁሉ ያልተጻፈ መሆኑ ነው። በዚህ ንግድ ያለነው ሁላችንም የምናውቀው ልማድ አለ። ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ «ለዋጋ በውስጥ መስመር» ይባላል። ደንበኛዋ በውስጥ መስመር ትመጣለች። ዋጋው ስንት ነው? ስንት ቀን ይፈጃል? ጨርቁ ፈትል ነው ወይስ መነን? ልኬን እንዴት ልላክ? በምን ትልኩልኛላችሁ? እርስዎም በድምፅ ይመልሳሉ። ቆንጆ መልስ ነው። ግን ያንን መልስ የሰማችው እሷ ብቻ ናት። ነገ ሌላዋ መጥታ ያንኑ ትጠይቃለች። ጉግል የድምፅ መልእክትዎን አይሰማም፣ የውስጥ መስመርዎን አይከፍትም። ፎቶው ላይ በትልቅ ፊደል የጻፉት ጽሑፍም ላይ አይተማመኑ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን የሚጠይቅ ሰውም እየበዛ ነው፤ እነሱም ኢንተርኔት ላይ ያልተጻፈውን ከየትም አያመጡትም።

ነጋዴ ዋጋ የሚደብቅበት ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ተወዳዳሪ ያያል። የጥጥና የክር ዋጋ አይረጋም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ባሰ። ከዚያም መከራከር አለ፤ ደንበኛችን ዋጋ ሳያስቀንስ የገዛ አይመስለውም። ይሁን። ግን ተወዳዳሪዎ ዋጋዎን ለማወቅ እህቱን በውስጥ መስመር ከመላክ የሚያግደው የለም። ከእሱ የደበቁት የመሰልዎት ዋጋ የተደበቀው ከገዢዋ ነው። ሲያትል ያለችው ሴት ከእርስዎ ጋር የአሥርና የአሥራ አንድ ሰዓት ልዩነት አላት። እሷ ስትጠይቅ እርስዎ ተኝተዋል፤ እርስዎ ሲመልሱ እሷ ተኝታለች። በዚህ መሃል ዋጋውን ጽፎ ያስቀመጠው ሱቅ ይሸጥላታል። ቁርጥ ያለ ዋጋ መጻፍ ካልወደዱ «ከዚህ ጀምሮ» ይበሉ። ለምን እንደሚለያይም ይንገሯት፤ የጥልፉ ስፋት፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የነጠላው መኖር አለመኖር። ዋጋው የተጻፈበትንም ቀን ያስቀምጡ።

ስለዚህ ከዌብሳይቱ በፊት የቤት ሥራ ልስጥዎ። የቴሌግራም ውስጥ መስመርዎን ይክፈቱና ሰዎች የጠየቁትን በራሳቸው አባባል ደብተር ላይ ይገልብጡ። የእርስዎን አባባል ሳይሆን የእነሱን። «እርጉዝ ነኝ፣ የሚሰፋና የሚጠብ ይሠራል?» «የወንዱና የሴቷ ጥልፍ አንድ ዓይነት ይሆናል?» «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈውም ይህንኑ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ከአፍዎ እንደሚወጣው አድርገው ይመልሱ። ይህ ደብተር ድርጅቱ ሊሸጥልዎ ካሰበው ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱም ሽመና የማያውቅ ልጅ ቢሮ ተቀምጦ ሊጽፈው አይችልም።

አጻጻፍን በተመለከተ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «የሠርግ ልብስ» ይላል፣ ሌላው «የሰርግ ልብስ»። ሀበሻ፣ ሐበሻ፣ ሃበሻ። ሽሮ ሜዳ ተነጥሎም ተገጥሞም ይጻፋል። ጉግል አንዳንዴ አንድ መሆናቸውን ይረዳል፣ አንዳንዴ አይረዳም። ዋናውን ጽሑፍ በትክክለኛው ፊደል ይጻፉ። ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ በተፈጥሮው በሚገባበት ቦታ፣ ለምሳሌ በደንበኛ ጥያቄ ወይም በፎቶ መግለጫ ውስጥ ያስገቡት። ሁሉንም አንድ ቦታ መከመር ግን ያስጠላል። ውጭ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ በላቲን ፊደል ነው የሚፈልጉት። ቀሚስን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምረዋል። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆች ከነጭራሹ «ኢትዮጵያን ትራዲሽናል ድሬስ» ብለው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ገጽ ያስፈልግዎታል፣ ከአማርኛው የተለየ። በማሽን ብቻ ተርጉመው አይልቀቁት፤ ጥበብን «ዊዝደም» ብሎ ይተረጉምልዎና መሳቂያ ይሆናሉ።

ዌብሳይቱ ራሱ ትንሽ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ብሆን ዓይነት በዓይነት እከፍለዋለሁ፤ የሙሽራ ቀሚስ አንድ ገጽ፣ የበዓል ቀሚስ አንድ ገጽ፣ የወንድ ልብስ፣ የልጆች፣ የጥንድ። ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ካጨቁት ጉግል ገጹ ስለምን እንደሆነ አይለየውም። የእያንዳንዱ ገጽ ርዕስ ቀጥተኛ ይሁን። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ርዕስ ለማንም አይጠቅምም፤ «የሙሽራ ቀሚስ በፈትል፣ ሽሮ ሜዳ» ይጠቅማል።

ከእነዚህ በላይ ግን ሁለት ገጾች አሉ፣ ጊዜዎን እዚያ ላይ ያፍስሱ። አንደኛው የልክ አወሳሰድ ነው። ውጭ ያለችው ደንበኛ የምትፈራው ዋጋውን አይደለም፤ «ሳይበቃኝ ቢመጣስ?» የሚለውን ነው። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅ ርዝመት፣ ቁመት በምትለብሰው ጫማ። እያንዳንዱን በፎቶ ያሳዩ፣ በኢንችና በሴንቲ ሜትር። ሰፊዎ አንድ ጠዋት ቢያግዝዎ ያልቃል። ልኩ ቢሳሳት ማን እንደሚያስተካክልም ይጻፉ፤ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንደሚተዉ ከነገሯት ግማሽ ፍርሃቷ ይለቃታል። ሁለተኛው የመላኪያ ገጽ ነው። በዲኤችኤል ስንት፣ በፖስታ ቤት ኢኤምኤስ ስንት፣ በሰው እጅ የሚላክ ከሆነ እንዴት፣ ክፍያው በምን። እንዲህ ያለ ገጽ ሰው ለጓደኛው ይልከዋል፣ የሠርግ ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። ሳይገዙት የሚመጣ ጥቆማ ማለት ይህ ነው። የ500ው ባክሊንክ ገንዘብ እዚህ ላይ ይዋል።

ስለ ጨርቁም ይጻፉ። እርስዎ ፈትልና መነንን በእጅዎ ነክተው ይለያሉ፤ ቨርጂኒያ ያለችው ልጅ ግን ሁለቱ ለምን በዋጋ እንደሚራራቁ አታውቅም። የሸማኔውን ሥራ በራስዎ ካሜራ ያሳዩዋት። ፒንተረስት ከሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ የተወሰደ ፎቶ አያስገቡ፤ አሥር ሱቅ የተጠቀመበት ፎቶ እምነት ያሳጣል።

ቴክኒኩን ባጭሩ። ጉግል ገጾችን የሚመዝነው በስልክ በሚታዩበት መልክ ነው፤ ስለዚህ ሲያስረክቡዎት ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን በራስዎ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው የሚፈለገው። የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ግዙፍ ፎቶ ነው፤ ይቀነስ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ማተሚያ ቤት የሠራልዎትን ብሮሹር ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠው አይለጥፉ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ አንዳንድ ማተሚያ ቤት ግን ዛሬም በድሮ ፎንት ይጽፋል፤ ሲገለበጥ የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናል። ጽሑፉን ፎቶ አንስቶ መለጠፍም መፍትሔ አይደለም። «ጉግል በነጻ ዌብሳይት ይሰጣል» የሚል የቆየ ምክር ካጋጠመዎትም ይለፉት፤ ከቢዝነስ ፕሮፋይሉ ጋር ይመጣ የነበረው ዌብሳይት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ተዘግቷል።

ቴሌግራምና ቲክቶክን እንዳይተዉ። 14 ሺህ ተከታይ ብዙ ሱቅ የሚመኘው ሀብት ነው። ብቻ ወደ ገጽዎ እንዲመሩ ያድርጓቸው። ቻናሉ ላይ የካርታ ሊንክ፣ የልክ አወሳሰድና የዋጋ ገጽ ያለበት አንድ መልእክት ከላይ ፒን ያድርጉ። ቲክቶክ ራሱ መፈለጊያ ሆኗል፤ ሙዚቃ ብቻ ከሚለቁ ስለ ልብሱ ይናገሩ፣ መግለጫውም ላይ ምን እንደሆነ ይጻፉ። «አዲስ ሥራ 🔥» ብቻ ብሎ ማለፍ ለፍለጋ ባዶ ነው። ኢንስታግራም ካለዎት ፕሮፌሽናል አካውንት ያድርጉት፤ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእነዚህ አካውንቶች ይፋዊ ልጥፎች በጉግል ፍለጋ ሊወጡ ይችላሉ። የሱቅዎ ስምና ስልክ ደግሞ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን።

ወቅቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ግን ገጽ ከገበያ ቀድሞ መውጣት አለበት። ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢጽፉት ረፍዷል። ጉግል እስኪያገኘው፣ ሰው እስኪያነበው፣ እናንተም እስክትሰፉት ጊዜ አለ። እኔ ሰኔ ላይ እጀምራለሁ። ከጥምቀት በኋላ ለሚመጣው የጥር ሠርግ ጥቅምት ላይ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ግን ሠርጋቸውን በብዛት የሚያደርጉት በነሱ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ለእነሱ የሚሆነው ገጽ የካቲት ላይ መቆም አለበት፤ በጾሙ ወቅት አገር ውስጥ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ለእርስዎም ይመቻል። ጉግል ትሬንድስ በነጻ ነው፤ የትኛው ቃል በየትኛው ወር፣ በየትኛው አገር እንደሚፈለግ ያሳያል።

ውጤቱን ለመለካት በራስዎ ስልክ ስምዎን እየጻፉ አይመልከቱ። ስልክዎ ሱቁ ውስጥ ስላለ የሚያሳይዎት እርስዎን የሚያስደስት ነው። ፕሮፋይሉ ስንት ሰው እንደደወለና ስንት ሰው መንገድ እንደጠየቀ ይነግርዎታል። ለዌብሳይቱ ሰርች ኮንሶል የሚባል የጉግል ነጻ መሣሪያ አለ፤ ሰዎች ምን ጽፈው እንዳገኙዎት ቃል በቃል ያሳያል። ከሁሉም በላይ ግን አዲስ ደንበኛ ስትመጣ «ከየት አገኘሽን?» ብለው ይጠይቁና ደብተሩ ላይ ምልክት ያድርጉ። የጉግል ሰዎች ራሳቸው እንዲህ ያለው ሥራ ፍሬ እስኪያሳይ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚፈጅ ተናግረዋል። የአንድ ወሩን ቃል ከዚህ ጋር ያስተያዩት።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ጊዜ የለኝም ካሉ ሰው መቅጠር ነውር አይደለም። ያን ጊዜ ውሉ ላይ እንዲህ ይጻፍ። የዌብሳይቱ ስም የሚመዘገበው በእርስዎ ኢሜይል ነው፤ ዶት ኮም ስም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ ብዙ አብዝቶ የሚያስከፍልዎትን ይጠይቁት። የጉግል ፕሮፋይሉ ዋና ባለቤት እርስዎ ነዎት፤ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይጨመራል፣ ሲጨርስ ይወጣል። ይህን የምለው በሠራተኛ የግል ጂሜይል የተከፈተ ፕሮፋይል ስላየሁ ነው። ልጁ ድርጅቱን ለቆ ሲሄድ ባለ ሱቁ የራሱን ስልክ ቁጥር እንኳ መቀየር አቅቶት ወራት ተንከራተተ። የተገዛ ጥቆማ አይኖርም ይባል። ክፍያው ደግሞ በተረከቡት ገጽ ልክ ይሁን፤ የልክ አወሳሰድ ገጹ በስልክዎ ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ ሰፊዎ «ልክ ነው» ሲል ያኔ ይከፈላል። በዚህ ከተስማሙ ዋጋ ይደራደሩ። «ቅድሚያ ግማሹን» ብለው ከጸኑ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ።